ቀለሙን ከመምረጥሽ በፊት ሶፋውን አስወጪ

ጥያቄ፦
«ሳሎናችን 3 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ80 ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ60። በሩ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ጥግ ላይ ነው፤ አንዷ መስኮት ደግሞ ፊት ለፊቱ ካለው አጭር ግድግዳ ላይ ናት። ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንውለው፣ እንግዳ የምንቀበለው፣ ቴሌቪዥን የምናየው ሁሉ እዚያው ነው። ለሠርጌ እናቴ የሰጠችኝ ሙሉ ሶፋ (ባለ3፣ ባለ2 እና ሁለት ነጠላ) አለ፤ ትልቅ ቡፌና ጠረጴዛም አለ። በሩ ሲከፈት አንዱን ነጠላ ሶፋ ይመታዋል። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ወለል ላይ በሆዳቸው ተኝተው ነው። ከቡፌው ጀርባ ያለው የታችኛው ጥግ ረጥቦ ቀለሙ እየተላጠ ነው። አሁን ትንሽ ገንዘብ አጠራቅመን ልናድሰው ነው። ባለቤቴ ‹ሁሉንም ነጭ እንቀባው፤ ከዚያ ግድግዳውን አፍርሰን ከጎን ካለው ክፍል ጋር እናገናኘው› ይላል። እኔ ቴሌቪዥኑ ያለበትን ግድግዳ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ እሱ ‹ክፍሉን ጭራሽ ታጠቢዋለሽ› ይለኛል። ማናችን ነን ልክ? ከየትስ እንጀምር?»
ሳሎኗ የጠበባት

መልስ፦
ውድ እህቴ፣

ማን ልክ እንደሆነ ከመፍረዴ በፊት አንድ ሂሳብ አብረን እንሥራ። የሳሎንሽ ወለል 12 ካሬ ሜትር ከትንሽ ነው። ባለ3ቱ ሶፋ እንደ አብዛኛው ሶፋ 2 ሜትር ከ20 ርዝመትና 95 ሳንቲ ሜትር ወርድ ካለው፣ ብቻውን 2 ካሬ ሜትር ይይዛል። ባለ2ቱ 1 ካሬ ተኩል፣ ሁለቱ ነጠላዎች አንድ ላይ ወደ 2 ካሬ። ትልቅ ያልሽው ቡፌ 1 ካሬ፣ ጠረጴዛው ከዚያ ትንሽ ያነሰ። ድምሩ ከ7 ካሬ ሜትር ያልፋል። ከክፍሉ 60 በመቶ የሚሆነው እቃ ነው ማለት ነው። አራታችሁም የምትንቀሳቀሱት፣ በሩ የሚከፈተው፣ ልጆቹ የሚጽፉት በቀረው 5 ካሬ እንኳን በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። ሜትር ይዘሽ የራስሽን እቃ ለኪና ቁጥሩን አስተካክዪው፤ ብዙ የሚለወጥ ግን አይመስለኝም።

ይህን ችግር ነጩም አረንጓዴውም ቀለም አይፈታውም።

የእናትሽን ስጦታ አስወጪ ስልሽ ሙሉውን ማለቴ አይደለም። ባለ3ቱና አንዱ ነጠላ ይቅሩ። ባለ2ቱና ሌላው ነጠላ፣ በሩ የሚመታው ማለቴ ነው፣ ከዚህ ክፍል ይውጡ። ሌላ ክፍል ቦታ ካለ ነጠላው እዚያ ይግባ፤ ከሌለም ከዘመድ ለሚፈልግ ስጡት። እናትሽን ግን ሳትነግሪያቸው እንዳታደርጊው። መጥተው ባዶውን ቦታ ከሚያዩ ቀድመው ካንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ስትነግሪያቸውም ስለ ሶፋው አታውሪ፤ ስለ ልጆቹ አውሪ። የልጅ ልጆቻቸው መጻፊያ ቦታ አጥተው ወለል ላይ እንደሚተኙ ሲሰሙ ለሶፋው የሚከራከሩ አይመስለኝም።

«እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጣል?» ማለትሽ አይቀርም። ዛሬ ክፍሉ 7 ሰው ያስቀምጣል። ባለ3ቱና ነጠላው 4 ሰው ይይዛሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር የሚገቡ 2 በርጩማዎች ሲጨመሩ 6 ይሆናል። የቀረብሽ አንድ መቀመጫ፣ ያገኘሽው 2 ካሬ ተኩል ወለል ነው። 7 ሰው አንድ ላይ የሚመጣው ስንት ጊዜ እንደሆነ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። ለዚያ ቀን ተጣጥፎ ከበር ጀርባ የሚቆም ወንበር ይበቃል።

ምንም ከመስጠትሽ በፊት ሞክሪው። የሚወጡትን እቃዎች ለአንድ ሳምንት ሌላ ክፍል ውስጥ ደርድሪያቸው፤ መኝታ ቤቱ ቢጣበብም ይቻላል። ልትገዢ ያሰብሽውን እቃ ደግሞ በልኩ ጋዜጣ ቆርጠሽ ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፊው። ልጆቹ እየዘለሉ የሚያልፉት ጋዜጣ ካለ እዚያ ቦታ ላይ እቃ መኖር የለበትም። ወረቀት ላይ መንደፍ ከወደድሽም 1 ሜትርን በ5 ሳንቲ ሜትር ሳዪው፤ ክፍሉ በሙሉ አንድ የኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል።

አቀማመጡን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። ሶፋውን ከበሩ ጎን ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ፣ ወደ መስኮቱ ጥግ አስጠግቼ። ያን ጊዜ በሩ ጋ 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ባዶ ቦታ ስለሚቀር በሩ ማንንም ሳይመታ ይከፈታል። ቴሌቪዥኑ በትይዩው ረጅም ግድግዳ ላይ ይሁን። ስፋቱን ለኪው፦ ሶፋው 95፣ በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል 45፣ 60 ወርድ ያለው ጠረጴዛ፣ ከዚያ 85 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ፣ በመጨረሻ 35 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው መደርደሪያ። ድምሩ ልክ 3 ሜትር ከ20 ይሆናል። 45ቱ ሳንቲ ሜትር ተቀምጠሽ እጅሽን ስትዘረጊ ጠረጴዛው ላይ ለመድረስም፣ እግር ለማሳለፍም የሚበቃ ነው። ዋናው መተላለፊያ ግን ከ75 በታች ከወረደ ለማለፍ ይጠባል። ስለዚህ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለውን ቡፌ በዚህ ስሌት ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም፤ መተላለፊያውን 70 ያደርገዋል። ቡፌውን መልቀቅ ካልቻልሽ ጠረጴዛውን አስወጪ። ሁለቱም ይኑሩ ካልሽ ግን በሚቀጥለው ዓመትም ይህንኑ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።

የቀረው ነጠላ ሶፋ ከቴሌቪዥኑ ጎን መስኮቱ ጥግ ላይ፣ ወደ ትልቁ ሶፋ ዞር ብሎ ይቀመጥ። በዚያው ግድግዳ ወደ በሩ ባለው ጫፍ ላይ ደግሞ የልጆቹ ጠረጴዛ ይምጣ፦ በማጠፊያ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፣ 1 ሜትር ርዝመትና 45 ወርድ ያለው፣ ሲያበቃ ወደታች የሚታጠፍ ጣውላ። ለአዋቂ 72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የተለመደ ነው፤ ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ በዚህ ከፍታ አሠሪውና ከወንበሩ ሥር እግራቸውን የሚያሳርፉበት ነገር አድርጊላቸው፤ ያድጋሉና። የራሱ መብራት ያስፈልገዋል። በቀኙ ለሚጽፍ ልጅ ብርሃኑ ከግራ ቢመጣ የእጁ ጥላ ጽሑፉ ላይ አያርፍም፤ ግራኝ ከሆነ በተቃራኒው።

መደርደሪያው ጠባብ ስለሆነ ቁመት ስጪው። ከታች በር ያለው፣ ከላይ ክፍት ሆኖ እስከ ኮርኒሱ ይድረስ። ግን በፊሸርና በብሎን ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ልጆች መደርደሪያን እንደ መሰላል ይወጡታል፤ ያልታሰረ ረጅም መደርደሪያ በላያቸው ይወድቃል። ቴሌቪዥኑም ቆሞ የሚቀመጥ ከሆነ እንዲሁ ይታሰር።

አሁን ወደ ግድግዳው ማፍረስ። ባለቤትሽን በዚህ አልደግፈውም። አንደኛ፣ ግድግዳው ከላይ ያለውን ጭነት የሚሸከም ይሁን አይሁን በጣት በማንኳኳት አይታወቅም። የመዋቅር መሐንዲስ ሳያየው መዶሻ የሚያነሳ ግንበኛ ካገኛችሁ ሸኙት። ሁለተኛ፣ ቢፈርስም የምታገኙት ቦታ የምታስቡትን ያህል አይደለም። ጠባብ ክፍል ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እቃ የሚጠጋበት ግድግዳ ነው፤ እናንተ ደግሞ ልትቀንሱት ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ልጅ ተኝቶ ሌላው ቴሌቪዥን የሚያይበት ጊዜ ይመጣል፤ የሚዘጋ በር አይኖርም። ያጠራቀማችሁትም ገንዘብ ፍርስራሽ በማስወጣት፣ በልስንና ወለል በማገናኘት ያልቃል።

ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄድበት ቦታ ያ የረጠበው ጥግ ነው። ስለ ቀለም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ስለ እርጥበቱ አንድ ብቻ መጻፍሽ አሳስቦኛል። በረጠበ ግድግዳ ላይ የሚቀባ ቀለም፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይላጣል። ስለዚህ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቂ። ቡፌውን አንሺና ከተላጠው አጠገብ ደህና የሆነ ቦታ ላይ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀሽ ለጥፊ፤ ለሁለት ቀን ተዪው። ጠሉ ከላስቲኩ ውጪ፣ በክፍሉ በኩል ከታየ ከአየሩ የሚመጣ እርጥበት ነው፦ ቡፌው ግድግዳውን ሸፍኖ አየር ስለከለከለው ማለት ነው። ያን ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነው፤ እቃን ከግድግዳ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ማራቅና መስኮቱን በየቀኑ መክፈት። ጠሉ ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግን ውሃው የሚመጣው በግድግዳው ውስጥ ነው። ውጪውን ዙሪያ፦ የሚያፈስ አሸንዳ፣ ከወለላችሁ በላይ ከፍ ብሎ ግድግዳውን የተጠጋ አፈር፣ የተሰነጠቀ ልስን ሊኖር ይችላል። በዚያ ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቧንቧ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ።

ምንጩ ሲዘጋ የላላው ልስን ተፍቆ ይውጣ፤ እንደገና ይለሰን፤ ከዚያ ይድረቅ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ከዚያም በላይ። ቀለም ቀቢው «ደርቋል» ቢልሽም ጠቆር ብሎ የሚታይ ቦታ ካለ አልደረቀም። ጥቁር ሻጋታ ካለ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጋችሁ አጽዱት፤ በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር ግን ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቤቱ የቆየ ከሆነም አሮጌውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። የድሮ ቀለሞች መርዛማ የሆነው እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል፣ እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፤ ልጆቹም በዚያ ቀን ቤት ውስጥ አይሁኑ።

ልስኑ እስኪደርቅ ኤሌክትሪሺያኑ ሥራውን ይጨርስ። ሶኬት የሚያስፈልገው የት እንደሆነ የምታውቂው አቀማመጡን ከወሰንሽ በኋላ ብቻ ነው፤ ከሶፋው ጀምሬ የጻፍኩልሽም ለዚህ ጭምር ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከልጆቹ ጠረጴዛ በላይ፣ ከሶፋው ሁለት ጎኖች። ግድግዳው ከተቀባ በኋላ ለሶኬት መቦርቦር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ከዚያ ኮርኒሱ ይቀባል፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ወለሉ መጨረሻ ላይ። ወለላችሁ ካልተሰባበረ አትንኩት።

እንግዲህ ቀለሙ። ፍርዱ ላንቺ ነው፤ ባለቤትሽም ግን ግማሽ እውነት አለው። ነጭ ቀለም የሚያንጸባርቀው ያገኘውን ብርሃን ብቻ ነው። አንድ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ድርቅ ያለ ነጭ ከመስኮቱ ራቅ ባሉት ጥጎች ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ክፍሉን ሰፊ ሳይሆን ቀዝቃዛ ያደርገዋል። ስለዚህ ሦስቱን ግድግዳዎች ወደ ክሬም ያደላ ነጭ አድርጓቸው። ብዙ የቀለም ማውጫዎች ላይ ከ0 እስከ 100 የሆነ የብርሃን ማንጸባረቂያ ቁጥር አለ፤ ከ70 በላይ የሆነውን ምረጡ። አረንጓዴሽ ቴሌቪዥኑ ባለበት ረጅም ግድግዳ ላይ ይሁን። እዚያ አንድ ነገር ይሠራልሻል፦ የጠፋ ቴሌቪዥን ነጭ ግድግዳ ላይ ትልቅ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ ጠቆር ያለ ግድግዳ ላይ ግን ዓይን አይስብም። መስኮቱ ያለበትን ግድግዳ ግን አረንጓዴ እንዳታደርጊ። ከጎኑ በሚገባው ብርሃን የተነሳ ያ ግድግዳ ቀድሞውንም ጨለማ ነው። በሩንና ዞኮሎውን (ከግድግዳው ግርጌ የሚዞረውን ጠርዝ) በግድግዳው ቀለም አስቀቢ፤ ዙሪያውን የሚዞር የተለየ መስመር ሲጠፋ ግድግዳው ረዘም ይላል።

ከማውጫው ላይ ካለው ጥፍር ከምታክል ቁራጭ ተነስተሽ አትወስኚ። ትንሽ ቆርቆሮ ገዝተሽ ትልቅ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ቅቢና ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ማታም በአምፖል ብርሃን ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ እዪው። አምፖሉ የቀለሙን መልክ ይለውጠዋል። ለልጆች ቤት የሚታጠብ ዓይነት ፕላስቲክ ቀለም ውሰዱ፤ በጣም የሚያብረቀርቀው ግን የልስኑን እያንዳንዱን ጉብታ ያሳያል።

መጠኑን ቀቢው እንዳይነግርሽ፤ አንቺ ንገሪው። ዙሪያው 14 ሜትር፣ ቁመቱ 2.60፤ በሩና መስኮቱ ሲቀነሱ ወደ 33 ካሬ ሜትር። ከዚህ አረንጓዴው ግድግዳ 10 ካሬ፣ የቀሩት 23። አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ ዙር በአማካይ 10 ካሬ ይሸፍናል። ለክሬሙ ሁለት ዙር 5 ሊትር፣ ለአረንጓዴው ግን ጥቁር ቀለም አንዳንዴ ሦስተኛ ዙር ስለሚፈልግ 3 ሊትር። ያንዱን ቀለም ቆርቆሮዎች በአንድ ቀን ግዢና በአንድ ባልዲ ደባልቂያቸው፤ በተለያየ ቀን የተሠራ ቀለም መልኩ ትንሽ ሊለይ ይችላል።

ስለ መብራት ስናወራ፣ መሃል ኮርኒስ ላይ የተንጠለጠለው አንድ አምፖል ብቻውን ክፍሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ጥጎቹም ይጨልማሉ፣ ጥጎቹ ሲጨልሙ ደግሞ ክፍሉ ይጠባል። እሱን ተዪው፤ ግን ከሶፋው ጎን አንድ የቆመ መብራት፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ትንሽ ጨምሪ። ኤልኢዲ አምፖል ስትገዢ ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃኑን መልክ የሚነግር ቁጥር ነው) የሚለውን ፈልጊ፤ 6500 የሚለው ሰማያዊ ያደላ ብርሃን አለው፣ አረንጓዴውንም ያበላሽብሻል። ለልጆቹ ጠረጴዛ 4000 ይሻላል። ዋት አትቁጠሪ፤ ሉመን፣ ማለትም አምፖሉ የሚሰጠውን የብርሃን መጠን፣ ቁጠሪ። ለእንዲህ ያለ ክፍል ሁሉም አንድ ላይ 1800 ሉመን ገደማ ይበቃል።

መጋረጃው ከመስኮቱ አናት ሳይሆን ከኮርኒሱ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሰቀል፤ ዘንጉ ከመስኮቱ በሁለቱም ጎን 20 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። ቀን ሲሰበሰብ መስታወቱን አይሸፍንም፤ በዚህ ክፍል ደግሞ አንድ ክንድ ብርሃን ማጣት ብዙ ነው። ምንጣፉ ትንሽ አይሁን። መሃል ላይ ብቻ የምትንሳፈፍ ምንጣፍ ወለሉን ትቆራርጠዋለች፤ 1 ሜትር ከ60 በ2 ሜትር ከ30 የሚሆን፣ የሶፋው የፊት እግሮች የሚያርፉበት ይሁን። ስዕል ካላችሁ መሃሉ ከወለል 1 ሜትር ከ45 ያህል ላይ ይሁን፤ ብዙ ሰው ከፍ አድርጎ ይሰቅላል። መስታወት ከፈለግሽ ከመስኮቱ ጎን ባለ ግድግዳ ላይ፣ ሰማይ የሚያሳይ አድርገሽ እንጂ የተከመረ እቃ የሚያሳይ ቦታ ላይ አታድርጊው፤ የሚያሳየውን እጥፍ ያደርገዋል።

ባለቤትሽ በግድግዳው ከተሸነፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ልግዛ ማለቱ አይቀርም። ከሶፋው እስከ ስክሪኑ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው ያላችሁ፤ ለዚህ 55 ኢንች ከበቂ በላይ ነው። ያለው የሚሠራ ከሆነማ ይቆይ።

ከአረንጓዴውም ከክሬሙም ትንሽ መትረፉ አይቀርም። ክዳኑን አጥብቀሽ፣ የቀለሙን ቁጥርና የገዛሽበትን ቀን ቆርቆሮው ላይ ጽፈሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ልጆቹ ያ ግድግዳ ላይ ለመሳል ከአንድ ወር በላይ የሚታገሡ አይመስለኝም።